የሚያበራውን አንሱ

ለእታለሜ፣

ሰላምታዬ ከደጅሽ ይድረስ፤ ማስገባት አለማስገባቱ ያንቺ ነው። እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ እንዴት ነው? መሬት ላይ መተኛት ከጀመርሽ ወዲህ ብሶብሻል ሲል ልጅሽ ኃይሌ ነግሮኛል። ያ ክሬን ነጂ አፈር ካልለበሰ አልጋ ላይ አልወጣም ብለሽ መማልሽንም ነግሮኛል። ይዲድያ ከተቀበረ ዛሬ ሰባ ስድስት ቀኑ ነው። ስልኬን አታነሺም፤ ብታነሺውም ይህን ነገር በአፌ ማውጣት ስለማልችል ወረቀት ላይ ይሁን አልኩ።

ከሰላምታ ቀጥሎ የራስን ጤና መግለጽ ወግ ነው ይል ነበር አባባ። እንግዲህ በወጉ ልግለጽ። ከፊት ሁለት ጥርሶቼ የሉም፣ የላይኛው ከንፈሬ አራት ቦታ ተሰፍቷል፣ ሾርባ በጎን በኩል ነው የምጠጣው። ከዚያ በቀር ደህና ነኝ። የጅቡቲ ሙቀትም እንደምታውቂው ነው፤ ይኸው ስጽፍ ላቤ ወረቀቱን እያራሰው ነው። መነጽርሽን ፈልጊና ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። መሐል ላይ መቅደድ ያምርሻል፣ አውቅሻለሁ። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢና ከዚያ ቅደጂው።

አባባ በማስመሪያ ጣታችንን ሲገርፈን ትዝ ይልሻል? ካርቲየ 1 ሰፈር ያለው ቤታችን በረንዳ ላይ አስቀምጦ፣ ከባቡር ጣቢያው ቢሮ ያመጣውን አሮጌ ወረቀት ጀርባ እያስጻፈን። በሐመሩ ሐ የሚጻፈውን በሃሌታው ሀ ስትጽፊ ማስመሪያውን በጠርዙ ነበር የሚያሳርፍብሽ። አንቺ ደም እስኪወጣሽ ተገረፍሽ፣ እኔ ግን አልስትም ነበር። ጣትሽን እየጠባሽ ስታለቅሺ እኔ በልቤ እኮራ ነበር። ያ ኩራት አልለቀቀኝም። ልጅሽን የበላው እሱ ነው። ዙሪያ ጥምጥም ልናገር አልችልም፣ ነገሩ ይኸው ነው፤ አሁን እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ፌሮ ብረት ተራግፎ ወደ ሀገር ቤት መኪኖች በሚጫንበት ግቢ አስተርጓሚም ዕቃ ተቆጣጣሪም ነኝ። ክሬኑ ብረቱን የሚያነሳው ከፕላስቲክ ክር በተሠራ ሰፊ ማሰሪያ ነው፤ ፈረንሳዮቹ ኤሌንግ ይሉታል፣ እኛ ቀበቶ እንለዋለን። የቀበቶ ክፋቱ ሲያረጅ አለመናገሩ ነው። የሽቦ ገመድ ሲያልቅ ክሩ እየወጣ እጅ ይወጋል፣ ሰንሰለት ይዝጋል። ቀበቶ ግን ውስጡ አልቆ ላዩ ትናንት የተገዛ ይመስላል። ባለፈው ዓመት አሠሪዎቻችን ለሙከራ ብለው አዲስ ዓይነት ቀበቶ አስመጡ፤ ቴዎ የሚባል ወጣት ፈረንሳዊ መሐንዲስም አብሮት መጣ።

ፌስታል በሁለት እጅሽ ስትለጥጪው ከመቀደዱ በፊት መሐሉ ነጣ ይላል አይደል? ነገሩ እሱን ይመስላል። ክሩ ሲሠራ ከፕላስቲኩ ጋር በዓይን የማይታይ ቅንጣት ያጋጥሙበታል፤ ቴዎ ሞለኪውል ነው የሚለው። ቀበቶው ከአቅሙ በላይ ሲወጠር የቅንጣቱ መጋጠሚያ ይበጠሳል። የተበጠሰው ታዲያ ሐምራዊ መብራት ሲያርፍበት አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ብዙ የተጎዳ ብዙ ያበራል፣ ጤነኛው ጨለማ ነው። ቴዎ መስኮት የሌለው ኮንቴይነር ውስጥ ሃያ ቀበቶ ሰቅሎ፣ በሩን ዘግቶ መብራቱን ሲለኩሰው ሦስቱ ብቻ እንደ ሙሽራ ደመቁ። ሰዎቹ ሲያምር፣ ሲያምር አሉ። እኔም አልኩ። እዚያው ላይ መጠርጠር ነበረብኝ፤ በሀገሩ ብርሃን በረከት ነው ሲባል ያደገ ሰው፣ የሚያበራውን ትቶ ጨለማውን እንዲመርጥ በቅጡ ካልተነገረው እንዴት ያውቃል?

ቴዎ በኮንቴይነሩ በር ላይ የሚሰቀል ማስታወቂያ በሦስት ቋንቋ አዘዘ። ፈረንሳይኛውን ራሱ ጻፈው፤ የሚያበራውን ቀበቶ ከሥራ ውጪ አድርጉ የሚል ነው። ሶማሊኛውን ክሬን ነጂው ጅብሪል ጻፈው። አማርኛው የኔ ነበር። መጀመሪያ አስወግዱ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ረዘመብኝ፣ የመሥሪያ ቤት ቃል ሆነብኝ። ሰረዝኩትና ‹‹የሚያበራውን አንሱ›› አልኩ። እማማ ከምግብ በኋላ ይህን ሳህን ከፊቴ አንሱልኝ የምትለው አንሱ ነበር በሐሳቤ። ከዚህ ይጥፋ ማለቴ ነው። አጭርና ጥርት ያለ አማርኛ ጻፍኩ ብዬ ደስ አለኝ።

ናዝሬት የምትባል የቢሮ ጸሐፊ አለችን፤ ሰሌዳው ከመሰቀሉ በፊት አነበበችው። ጋሼ፣ እዚህ ግቢ ማንሳት ማለት በክሬን ማንሳት ነው፣ የሚያበራውን አንሥታችሁ ሥሩበት ያሉ እንዳይመስል፣ ከሥራ የሚል ቃል ቢጨምሩበትስ አለችኝ። ከሥራ የሚነሳ ሹም ነው፣ ቀበቶ ምን ሹመት አለው ብዬ ሰው ሁሉ ፊት ቀለድኩባት። ሳቁባት። እሷ አንገቷን ደፍታ ወጣች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለውን ያኔ ማን አስታወሰው። የእኔው ደግሞ በነጭ ቀለም ተጽፎ በር ላይ ተሰቀለ።

የሆነው ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ይዲድያ ከመጋዘን ቀበቶ ተቀብሎ ፌሮውን አሰረ። ጅብሪል ክሬኑ ላይ ነበር፣ እኔ የመኪና ወረቀት ይዤ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቄ ቆሜያለሁ። ሁለት ሺህ ኪሎ ብረት ከሰው ቁመት በላይ እንደወጣ ቀበቶው ተበጠሰ፤ ድምፁ የጥይት ነው። ፊቱ ምንም አልሆነም፣ የተኛ ይመስላል ብዬሽ ነበር። ሳጥኑ የተቸነከረው የድንበር ሕግ ስለሆነ ነው ብዬሽ ነበር። ዋሸሁሽ እታለም። ፊት አልነበረውም። ፌሮው ደረቱን በስቶ ከሥሩ ያለውን ሲሚንቶ ነበር የነካው። እሱን ለማውጣት ብረት መቁረጫ አስመጣን፣ ብልጭታው ሸሚዙን እያቃጠለው። ልጅሽ መሆኑን በእግሩ ነው ያወቅኩት፤ ጫማውን የመረጥኩለት እኔ ነበርኩ።

ሰዎቹ ጅብሪልን ከክሬኑ ላይ ጎትተው አወረዱት። በድንገት ነቅንቆ ጣለው አለ አንዱ፣ ማን እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ቃሏ ብቻ በቃች። በድንጋይ መቱት፣ በሄልሜት መቱት፣ በፌሮ ቁራጭ ጀርባውን ተለተሉት። እኔም ሮጥኩ። ሊገላግል ነው ብለው መንገድ የለቀቁልኝ አሉ። ጅብሪል መሬት ላይ ተጠቅልሎ በአማርኛ ወንድሞቼ፣ ወንድሞቼ ይላል። አፍንጫው ብረት በሆነው የሥራ ጫማዬ መንጋጋው ላይ ረገጥኩት። ሁለት ጊዜ። በሁለተኛው አጥንቱ ሲሰበር እግሬ ድረስ ተሰማኝ። ደስ አለኝ። የሚያሳፍር ነው፣ ግን ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ የተበጠሰውን ቀበቶ ይዤ ወደ ኮንቴይነሩ ገባሁ። ለምን እንደገባሁ አላውቅም፣ ሰው ሲጨንቀው የለመደውን ይሠራል። መብራቱን ለኮስኩት። ሁለቱ የተበጠሱ ጫፎች ዓይን እስኪወጉ አረንጓዴ ሆኑ፤ የልጅሽ ደም ያረፈበት ቦታ ብቻ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ደም በዚያ መብራት አያበራም፣ ጥቁር ነው የሚታየው። ቀበቶውን በመብራቱ እያየ የሚያድለውን የመጋዘን ሠራተኛ ሽብሩን ጠራሁትና ይህን ምን ብለህ ሰጠኸው ብዬ ጮህኩበት። ሽብሩ ከቁልቢ አካባቢ የመጣ፣ ከአማርኛ በቀር የማያነብ፣ ሰው የማይበድል ሽማግሌ ነው። ግራ ገብቶት አየኝ። እርስዎ አይደሉም እንዴ የሚያበራውን አንሱ ብለው የጻፉት አለኝ። የእኅትዎ ልጅ ስለሆነ ደግሞ ከሁሉ የበራውን መርጬ ሰጠሁት አለኝ።

ይህን እያነበብሽ ምን እንደምታደርጊ ለማሰብ እየሞከርኩ ነው። አልቻልኩም፣ ስለዚህ ልቀጥል።

በዚያች ሰዓት ወጥቼ ብናገር ኖሮ ዛሬ አንድ በደል ብቻ ነበር የምጽፍልሽ። ቴዎ ለዕረፍት ሀገሩ ሄዶ ነበር። መርማሪዎቹ በማግስቱ መጡ፤ የአማርኛ ተናጋሪዎቹን ቃል ወደ ፈረንሳይኛ እንዲመልስ የተጠራው ማን ይመስልሻል? ሽብሩ ፊታቸው ቆሞ፣ ሰሌዳው እንዳዘዘኝ የሚያበራውን ሰጠሁት ብሎ እውነቱን ተናገረ። እኔ ወደ እነሱ ዞሬ፣ ቀበቶው ጤነኛ ነበር፣ ክሬን ነጂው በድንገት ሲነቀንቀው አይቻለሁ ይላል አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ፈረንሳይኛዬ እንደ ልማዱ ያማረ ነበር። ጅብሪል መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ሆስፒታል ስለተኛ ማን ያርመኛል? ያን ዕለት ነው ሥራውን ያጣው፣ የነፍሰ ገዳይነት ስሙም ያን ዕለት ወጣለት። አንቺ ጋ የደረሰው ወሬ ከኔ አፍ የወጣ ነው።

የሰሌዳውን አማርኛ በቀለም አጥፍቼ አስወግዱ ብዬ ጻፍኩበት። በሦስተኛው ቀን ሽብሩ በሩ ጋ ቆሞ ሲያነበው አየሁት። ደጋግሞ አነበበው፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ነኝ እንዴ የገደልኩት ሲል ጠየቀኝ። አይደለህም፣ ክሬን ነጂው ነው አልኩት። አላመነኝም። ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሀገሩ ገባ፣ ሲሄድም አልተሰናበተኝም።

በአርባው ማግስት ኃይሌ የጭነት መኪናውን ይዞ መጣ። ወንድሙን የገደለው ሰው ቤት የት እንደሆነ የጠየቀው እኔን ነው። ፔካ 12 ሰፈር፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ ሰማያዊ ቆርቆሮ በር ብዬ ነገርኩት። እዚህ ላይ ስህተት ነው አልልሽም፤ ያኔ እውነቱን አውቄ ነበር። ኃይሌ በጎማ መፍቻ ብረት የጅብሪልን ጉልበት ሁለት ቦታ ሰባበረው። ኻሊዳ የምትባል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አለችው፤ አባቷ ላይ ተጋድማ ባትሸፍነው ኖሮ ቀጥሎ ጭንቅላቱ ነበር። ልጅሽ ልጅቷን አልነካትም። ይህን ለኃይሌ ልመስክርለት።

አሁን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ጅብሪል አምስት ወንድሞች አሉት። ኃይሌ ሁለተኛ ፔካ 12 ላይ መኪና ካቆመ ከጋቢናው ጎትተው ሊያርዱት ተማምለው እየጠበቁት ነው። ኃይሌ ደግሞ እሁድ፣ በወንድሜ ሰማንያ ቀን የጀመርኩትን እጨርሳለሁ ብሏል፤ ምርቃትሽን ይዞ እንደሚመጣም ነግሮኛል። ጅብሪል ቢሞት በማያውቀው ነገር ይሞታል። ኃይሌ ቢሞት ሁለተኛ ሳጥን እልክልሻለሁ ማለት ነው፣ የሁለተኛውንም ምክንያት የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሰኞ ዕለት ጅብሪል ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ኻሊዳ ናት፤ ስለማታውቀኝ ግቡ አለችኝ። ጅብሪል ፍራሽ ላይ ተጋድሟል። ሁሉንም በአማርኛ ነገርኩት። እሱ አንቺ ሀገር ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነው፣ አማርኛው ከኛ አያንስም። የትኛው ቃል ነው ሲል ጠየቀኝ። አንሱ የሚለው ነው አልኩት። በዚያ በተጣመመ መንጋጋው ሁለት ሦስት ጊዜ አላመጠው። ከዚያ አንሳኝ አለኝ። ደግፌ አነሳሁት። በአንድ እግሩ ቆመና ክራንቹን አፌ ላይ አሳረፈው።

ይህ ስለ ጫማህ ነው አለኝ፤ የረገጠኝን ጫማ ያኔም አውቄዋለሁ፣ ማንም ቢረግጠኝ አንተ ትረግጠኛለህ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር አለኝ። ስለ ምስክርነትህ የምሰጥህ የለኝም፣ ያን የደሙ ባለቤቶች ይስጡህ አለኝ። ጥርሴን ከመሬት ለቅሜ ቆምኩ። ወንድሞቹን እንዲይዝልኝ ለመንኩት። እውነቱ በወረቀት ከወጣና የልጁ ወንድም በዚህ ሰፈር እግሩን ካላሳየ እይዛቸዋለሁ አለ። ልጅቱ ደሜን የምጠርግበት ጨርቅ ሰጠችኝ። እሷ ባትሰጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት መርማሪዎቹ ጋ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ሐሰተኛው ትርጉም፣ ስለ ርግጫው፣ ስለ ሰማያዊው በር። አፌ ስላበጠ እኔ እየነገርኳት ናዝሬት ጻፈችው። አንድም ቃል አላረምኩባትም። ሰኞ ቅረብ ብለውኛል።

ለኃይሌም ደወልኩለት። ገና ገዳዩ ጅብሪል አይደለም ስል ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። አልፈርድበትም፤ በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ታሪክ የሚያወራ ሰው ማን ያምናል? ዛሬ ጠዋት ደግሜ ደወልኩና ሌላ መንገድ ያዝኩ። ሌላ ሰው ነው፣ በፊርማው አምኗል፣ ወረቀቱ በእጄ ነው አልኩት። ያኔ አዳመጠኝ። ስሙን ጠየቀኝ። በስልክ አልነግርህም፣ ፔካ 12 ላይ እንዳትቆም፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ በቀጥታ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ና፣ እዚያ ራሴ በእጅህ አስረክብሃለሁ አልኩት። ብረትህን ትተህ ና ግን አላልኩትም። እንዲህ ብዬው ቢሆን አይመጣም ነበር።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ገበያነሽ ናት፤ ልብስ የምትነግደዋ ጎረቤቴ። ነገ ሐሙስ በባቡር ትነሳለች፣ ሳይመሽ ደጅሽ ትደርሳለች። ኃይሌ የሚነሳው ቅዳሜ ማለዳ ነው። አርብ ሙሉ ቀን ያንቺ ነው ማለት ነው። አስቀምጠሽ ብታነቢለትም፣ አጥፈሽ ከመቀነትሽ ሥር ብታደርጊውም በማንኛውም አልቀየምሽም። ይህን አድርጊ ብዬ ልለምንሽ ብዕር አንስቼ ነበር፤ እኔ አንቺን የምለምንበት ፊት የት አለኝ? አንድ ነገር ብቻ፦ አልጋሽ ላይ ውጪ። ጅብሪል ልጅሽን አልገደለም፣ መሐላሽ እሱን አይመለከተውም።

እንግዲህ ደህና ሁኚልኝ። የይዲድያን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልሽ። ኃይሌን ከክፉ ቀን፣ ከክፉ መንገድ፣ ከራሱም እጅ ይጠብቅልሽ። ወገብሽን ይማርልሽ። አባባ የገረፋት ጣትሽን እግዚአብሔር ይባርካት፤ ካንቺ በላይ ተማርኩ ባልኩበት ሁሉ ይቅር በዪኝ።

ኃይሌ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ነገር ጠይቆኛል። ሰውየው ወገን አለው ወይ፣ ነገ ተነሥቶ ደሙን የሚጠይቅ ሰው አለው ወይ፣ ማልልኝ አለኝ። ማልኩለት። ወንድም የለውም፣ ጎሳም የለውም፣ ያለችው አንዲት እኅት ናት፣ እሷም ድሬዳዋ ነው ያለችው አልኩት።

ታናሽ ወንድምሽ